ዶዘር ተከራይተው መሬት ሲያስመነጥሩና ሲያስደለድሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰሞኑን አንድ ወጣት ደወለልኝ። የዶሮ ቤት ሊሠራ ግማሽ ሄክታር መሬት ይዟል። «ጋሼ፣ ዶዘሩ ነገ ጠዋት ይገባል፤ ምን ላዘጋጅ?» አለኝ። የሚዘጋጀው ነገር ሁሉ ማለቅ የነበረበት ከወር በፊት ነው። የማሽን ኪራይ በሰዓት ይቆጠራል። ባለቤቱ ቆሞ የሚያስብበት፣ ጎረቤት የሚያስጠራበት፣ ሲባጎ የሚፈልግበት ሰዓት ሁሉ ከኪሱ ይወጣል። ልጁ ቅን ነው፣ ገንዘቡም የላቡ ነው፤ ያንገበገበኝም ይኸው ነው።

ሙያዬ ቅየሳ ነው። 17 ዓመት በሆለታ፣ በጫንጮ፣ በሞጆና በቢሾፍቱ ዙሪያ ለበረት፣ ለዶሮ ቤት፣ ለመጋዘንና ለአትክልት እርሻ መሬት ሲመነጠርና ሲደለደል ከማሽኑ ጎን ቆሜያለሁ። ያን ጊዜ ሁሉ ያየሁት ጥፋት ግን ተመሳሳይ ነው፤ የሚለዋወጠው ባለቤቱ ብቻ ነው።

ወሰን፣ መቃብርና የውሃ መሄጃ ሳይጠየቅ ማሽን ማስገባት

ደብተራችሁ ላይ ያለው ካርታና መሬቱ ላይ ያለው የወሰን ድንጋይ ሁልጊዜ አይገጥሙም። ዶዘር የወሰን ድንጋይ ከነቀለ በኋላ ደግሞ የት እንደነበር የሚመሰክረው ጎረቤት ብቻ ነው፤ ያን ቀን ጎረቤቱ የሚመሰክረው ለራሱ ነው። አዋሳኞቻችሁንና የቀበሌውን የመሬት አስተዳደር ባለሙያ ይዛችሁ ዙሪያውን በእግር ሂዱ፣ ችካል ምቱ፣ በኖራ አስምሩ። በዚያው ሽማግሌዎቹን ጠይቁ፦ እዚህ የተቀበረ ሰው አለ? ምንጭ አለ? ከብት ወደ ውሃ የሚወርደው በየት ነው? ወይራ፣ ጽድ፣ ዝግባ ወይም ኮሶ ካለበትም ከወረዳው ፈቃድ ሳትይዙ አትንኩ።

ጫንጮ አካባቢ አንድ አዛውንት ገበሬ በበትራቸው መሬቱ ላይ መስመር ጭረው «ልጄ፣ ይህች ሰርጥ በጋውን ትተኛለች፣ ነሐሴ ላይ ትነቃለች» አሉኝ። እኔ ያየሁት ሣር የለበሰ ትንሽ ዝቅታ ብቻ ነበር። የሚሠራው መጋዘን በሩ የሚከፈተው ልክ እዚያ ላይ ነበር። ንድፉን 12 ሜትር ወደ ላይ አዛወርነው። በዚያው ክረምት በሰርጧ የወረደው ጎርፍ ድንጋይ ያንከባልል ነበር።

ማሽኑን በሰዓት ዋጋው ብቻ መምረጥ

ለምንጣሮ ግሬደር ተከራይቶ የሚመጣ ሰው አለ፤ ዋጋው ስለቀነሰለት ብቻ። ግሬደር የተሠራው ለማስተካከል ነው፤ ጉቶ ካገኘ ምላጩ ይጎብጣል፣ ጥገናውም ክርክር ያመጣል። ትልቅ ጉቶ የሚነቅለው ኤክስካቫተር ነው። በሦስት በኩል ቆፍሮ ሥሩን ይበጥሳል፣ ከዚያ በአራተኛው በኩል ያነሳዋል። ቁጥቋጦ መግፋትና አፈር ማንቀሳቀስ የዶዘር ነው። ግሬደርና ሮለር የሚመጡት መጨረሻ ላይ ነው። አራቱን በአንድ ቀን የሚያስገባ ሰው ሦስቱን አቁሞ ኪራይ ይከፍላል።

ከኪራዩ በፊት በጽሑፍ የሚያዙ ነገሮች አሉ። ናፍታው የማን ነው? ዲ8 የሚባለው ትልቁ ዶዘር ሥራ ላይ ሲሆን በሰዓት ከ30 ሊትር በላይ ስለሚጠጣ ይህ ትንሽ ጥያቄ አይደለም። ማሽኑን ጭኖ የሚያመጣው መኪና፣ ሎቤዱ፣ ለመምጫና ለመመለሻ በማን ሒሳብ ነው? በቀን ትንሹ የሚከፈልበት ሰዓት ስንት ነው? ማሽኑ ቢበላሽስ? የኦፕሬተሩና የረዳቱ አበል፣ የሌሊት ጥበቃው? በየቀኑ ጠዋት ሞተር ከመነሳቱ በፊትና ማታ ሥራ ሲቆም የሰዓት ቆጣሪውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ የሥራ ሰዓት የሚመዘገብበትን ታይም ሺትም በዚያው ቀን ፈርሙ። ሳምንት ቆይቶ የሚፈረም ታይም ሺት ላይ መግባባት የለም።

ናፍታ በበርሜል ለመቅዳት በብዙ ቦታ የድጋፍ ደብዳቤ ይጠየቃል፤ እሱን ቀድማችሁ ጨርሱ።

ጉቶና ጥቁር አፈር ሙሌት ውስጥ መቅበር

አሁን የምናገረው እንቅልፍ ስለሚነሳኝ ነገር ነው። ተዳፋት መሬት ላይ ሜዳ ለማውጣት ከላይ ተቆርጦ ከታች ይሞላል። ሥራው ይኸው ነው። ታዲያ ኦፕሬተሩ መጀመሪያ ምን ያገኛል? የላዩን ጥቁር አፈር፣ ሣሩን፣ የተነቀለውን ጉቶ። ባለቤቱ «ቶሎ ቶሎ» ይላል፣ ጭኖ መጣል ገንዘብ ነው፣ ከታች ደግሞ የሚሞላ ጉድጓድ አለ። ስለዚህ መጀመሪያ የተገኘው ቆሻሻ መጀመሪያ ወደ ታች ይገፋል፤ በኋላ የሚወጣው ጥሩ አፈር ከላይ ይለብሰዋል። ማታ ላይ መሬቱ ዓይን ይማርካል። ሁሉም እጅ ለእጅ ተጨባብጦ ይለያያል።

ከስድስት ዓመት በፊት ሆለታ አካባቢ አንዲት እናት ለወተት ላሞች በረት ያስደለደሉትን ቦታ እንድለካ ጠሩኝ። ስደርስ ሥራው አልቋል። 30 በ40 ሜትር፣ ታችኛው ጥግ ወደ 2 ሜትር ተሞልቷል። «ልጄ፣ አያምርም?» አሉኝ። ያምራል። ግን በሙሌቱ ጠርዝ የባሕር ዛፍ ሥር ተንጠልጥሎ አየሁ። «እትዬ፣ ይህ መውጣት አለበት» ብዬ ለመንኳቸው። ገንዘቡ አልቆ ነበርና ሠሩበት። በሁለተኛው ክረምት እንደገና ጠሩኝ። ስንጥቁ ቁርጡና ሙሌቱ በተገናኙበት መስመር ላይ ቀጥ ብሎ የበረቱን ወለል ለሁለት ከፍሎታል። እጄን እስከ አንጓዬ ድረስ አስገባሁበት። ታችኛው ጥግ ላይ ስናስቆፍር አንድ ሜትር ተኩል ወርደን ጉቶው ወጣ። ልጡ በጣት ሲነካ እንደ ረጠበ ወረቀት ይላጣል፤ ዙሪያው ውሃ አቁሮ ይሸታል። ግድግዳው ፈርሶ፣ ሙሌቱ ተነስቶ፣ ሥራው ከዜሮ ተጀመረ። እኚያ እናት አራት ላም ሸጠዋል።

እንጨት አፈር ውስጥ ሲበሰብስ ቦታው ባዶ ይሆናል፣ ከላይ ያለው ይሰምጣል። ሣርና ሥር ያለበት አፈር ቢረገጥም አይጠነክርም። ጥቁሩ አፈር ደግሞ፣ ዋልካ በሉት መረሬ፣ የራሱ ጠባይ አለው፤ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ በዓመት አንዴ ቤቱን አንስቶ ያስቀምጣል። አገራችን ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንዲህ ያለ አፈር አላት። ለጤፍና ለሽምብራ በረከት ነው። ለመሠረት ግን አይሆንም።

ስለዚህ መጀመሪያ የላዩን ለም አፈር ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ገፍታችሁ ለብቻው ከምሩት፤ በኋላ ለአትክልቱና ለሣሩ ትፈልጉታላችሁ። ጉቶውን ከሥራው ቦታ አውጡ። ከሥር ያለው ዋልካ ከሆነና ቤት የሚቆምበት ከሆነ፣ ጥልቀቱን በሙከራ ጉድጓድ አይታችሁ፣ አውጥታችሁ በሰሌክት፣ ማለትም ተመርጦ ከውጭ በሚመጣ የሙሌት አፈር፣ ሙሉት። የምትሞሉትን በ20 ሳንቲ ሜትር ንጣፍ አንጥፉ፣ ውሃ አርከፍክፉ፣ በሮለር አስረግጡ፣ ከዚያ ቀጣዩን። እርጥበቱን ለማወቅ አንድ እፍኝ አፈር ጨብጡ፦ እጃችሁን ስትከፍቱት ከተበተነ ደርቋል፤ መዳፋችሁ ላይ ጭቃ ከተወ በዝቶበታል፤ እንደ ኳስ ሆኖ በሁለት ጣት ሲሰበር ሁለት ቦታ ከተከፈለ ደህና ነው። ተዳፋቱ የበረታ ከሆነ ከመሙላታችሁ በፊት ነባሩን መሬት እንደ እርከን ደረጃ አስቆርጡት፤ ያለዚያ ሙሌቱ እንዳለ ተንሸራትቶ ይወርዳል። ሁለት ሜትር አፈር ከላይ አፍስሶ አንድ ጊዜ በዶዘር መመላለስ መርገጥ አይባልም፤ ሰንሰለት ክብደቱን ስለሚበትነው ወደ ታች አይደርስም።

ሒሳቡንም ቀድማችሁ ሥሩት። 1000 ካሬ ሜትር ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ማንሳት 300 ሜትር ኩብ ነው። አፈር ሲቆፈር በሩብ ያህል ስለሚያብጥ የሚጫነው ወደ 375 ይደርሳል፤ 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ 24 ምልልስ። ይህን ሳያውቁ ማሽን የሚያስገቡ ናቸው መሐል ላይ ገንዘብ አልቆባቸው ጉቶ የሚቀብሩት።

«ጠረጴዛ አስመስልልኝ» ማለት

ሜዳ ማለት ውሃ የሚተኛበት ማለት ነው። ለግቢው ከ1 እስከ 2 በመቶ ተዳፋት ስጡት፤ 2 በመቶ በ40 ሜትር ላይ 80 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፣ ዓይን ግን ሜዳ ነው ብሎ ያልፈዋል። ከግድግዳው አጠገብ ደግሞ በመጀመሪያው 3 ሜትር ውስጥ 15 ሳንቲ ሜትር ይውረድ። ከላይ በኩል የሚመጣውን ጎርፍ ድልዳሎው ሳይደርስ የሚያዞር መቀልበሻ ቦይ አስቆፍሩ፤ ኤክስካቫተሩ እዚያው እያለ የጥቂት ሰዓት ሥራ ነው። የቦዩ ውሃ የጎረቤት ማሳ ላይ እንዳይፈስ ግን እስከ መጨረሻው ተከተሉት።

ችካልን ማመን

ይህን እኔው ራሴ አጥፍቻለሁ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ሞጆ አካባቢ ከፍታ የምለካበትን መነሻ ደረጃዬን በአንድ የእንጨት ችካል ላይ ምልክት አድርጌ ምሳ ሄድኩ። እረኞች ነቅለው ተጫወቱበትና እንዳይቀጡ ብለው መልሰው ተከሉት፤ ግን ዝቅ አድርገው። ከሰዓት በኋላ ሙሉ በእሱ ለካሁ። ሲመሽ መሬቱ ከሚፈለገው 40 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ተቆርጦ ነበር፤ ለመሙላት ሰሌክት ተገዛ፣ ግማሹን ከደመወዜ ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ መነሻ ደረጃ የማደርገው ከሥራው ቦታ ውጭ ባለ የማይነቃነቅ ድንጋይ ወይም ኮንክሪት ላይ ነው፤ ሁለት ቦታ፣ አንዱ ቢጠፋ ሌላው እንዲኖር።

የከፍታ መለኪያ መሣሪያውን፣ ሌቭሉን፣ የሚያነብ ቀያሽ ለመቅጠር አቅም ከሌላችሁ ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ውሃ የሞላ ነጭ ላስቲክ ቱቦ ተጠቀሙ። ውስጡ የአየር አረፋ እንዳይቀር ብቻ ተጠንቀቁ፤ አንድ አረፋ ልኩን ያዛባዋል።

ወቅት

ዋልካ ላይ ከመስከረም ጭቃ ጋር አትታገሉ። ታኅሣሥ፣ ጥርና የካቲት የምንጣሮ ወራት ናቸው፤ በልግ ያለበት አገር ከሆናችሁ የካቲት መጨረሻ ላይ ጨርሱ። የተዋጠ ዶዘር የሚያወጣው ሌላ ዶዘር ነው፣ ሁለቱንም የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

መንገዱን አለማየት

ዲ8 ወደ 38 ቶን ይመዝናል፤ ከነሎቤዱ ከ55 ቶን በላይ ነው። ገጠር መንገድ ላይ ያለውን ድልድይና ቱቦ ቀድማችሁ በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩ። በመንገዱ ላይ የሚያቋርጠውን የመብራት መስመርም እንዲሁ፤ ገጠር ውስጥ የምታዩት ቀጭን ሽቦ 15 ወይም 33 ኪሎ ቮልት ሊሆን ይችላል። የኤክስካቫተር ክንድ ሳይነካው እንኳ ሲጠጋው አደጋ ነው። መስመሩ ግቢያችሁ ውስጥ ካለፈ ለመብራት ኃይል ሳታሳውቁ ሥራ አትጀምሩ።

ልጆች

ማሽን ሲመጣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ይሰበሰባል። ኦፕሬተሩ ወደ ኋላ ሲሄድ አያያቸውም። ልጆቹን ማራቅ ብቻ ሥራው የሆነ አንድ ሰው ቅጠሩ፤ ከሁሉ ርካሹ ወጪ እሱ ነው። ለእናንተም ሕጉ አንድ ነው፤ የኦፕሬተሩን ዓይን ካላያችሁ እሱም አላያችሁም። የአንድ ረዳት እግር በሎደር ጎማ ሥር ሲገባ አይቻለሁ። ድምፁ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ባሕር ዛፉን ሳይሸጡ ማስመንጠር

ቋሚውም አጣናውም ገንዘብ ነው። ዶዘር ከሰባበረው በኋላ ማገዶ ብቻ ይሆናል። ቀድማችሁ አስቆርጣችሁ ሽጡ፤ ጉቶውን ግን ከፍ አድርጋችሁ ተዉት፣ አንድ ሜትር ያህል፣ ኤክስካቫተሩ የሚይዘው እንዲያገኝ። መሬት ለመሬት የተቆረጠ ጉቶ ለመንቀል እጥፍ ሰዓት ይፈጃል። ካልተነቀለ ደግሞ መልሶ ያቆጠቁጣል።

ራቁቱን ለክረምት መተው

የተደለደለውን ጠርዝ ሁሉ ሰኔ ሳይገባ ደሾ ወይም ቬቲቨር ሣር አስተክሉበት፤ ያን ለብቻ የከመራችሁትን ለም አፈር የምትመልሱት እዚህ ላይ ነው።

ሳይለኩ ማሽኑን መሸኘት

ሎቤዱ የመጣ ቀን ሁሉም ይቸኩላል። ኦፕሬተሩ ቤቱ ናፍቆታል፣ ባለቤቱ ቆጣሪው እንዲቆም ይፈልጋል። ከመጫኑ በፊት ግን ያን ውሃ የሞላ ቱቦ ይዛችሁ አራቱን ማዕዘንና መሐሉን ለኩ፣ በወረቀት ጻፉት። ከዚያ አንድ በርሜል ውሃ በላይኛው በኩል ደፍታችሁ ወዴት እንደሚሄድ ተከተሉት። ውሃው መሐል ላይ ከቆመ ለግሬደሩ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ሎቤዱ ከሄደ በኋላ ግን ያንኑ ግማሽ ሰዓት ለማግኘት የሁለት መንገድ ማጓጓዣና የቀኑን ትንሹን ሰዓት እንደገና ትከፍላላችሁ። ለደወለልኝ ልጅ «ሎቤዱን በሦስት ሳምንት አስተላልፈው» አልኩት። ቀብድ ቢያስቆርጠውም አስተላለፈው። ቅዳሜ አዋሳኞቹን ይዘን ዙሪያውን እንሄዳለን።