ሌሊት መብራት የሚበላብን ምን እንደሆነ ያገኘሁት እንዲህ ነው

ባዶ ሕንፃ ሌሊት መብራት የሚበላ ከሆነ መጀመሪያ የአየር ማናፈሻ ፋኖቹን እዩ። እኔ የምከታተለው የቢሮ ሕንፃ ችግር እሱ ነበር። የወሩ ቢል ድምር ስለሆነ ብዙም አይነግራችሁም። ቆጣሪው በየ15 ደቂቃው የመዘገበውን ፍጆታ አውጥቼ በግራፍ ሳየው፣ ሰው ከወጣ በኋላ መውረድ የነበረበት መስመር እስኪነጋ ድረስ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ማታ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ትልልቆቹ ፋኖች ይሽከረከራሉ። የመቆጣጠሪያ ሳጥኑን ስከፍተው ማዞሪያው «አውቶ» ላይ ሳይሆን «ማንዋል» ላይ ነው፤ ምናልባት ለጥገና ተዞሮ በዚያው ቀርቶ ይሆናል፣ ብቻ እንደዚያ እስካለ ድረስ የሰዓት ፕሮግራሙ ቢኖርም ባይኖርም ያው ነው።

ወደ አውቶ መለስኩት፣ የሌሊቱ ፍጆታ ወረደ። ግን ቀንም ቢሆን ሰው ኖረም አልኖረም በሙሉ ፍጥነት ነበር የሚሠሩት፣ ይሄ ደግሞ በጣም ያንገበግባል። ፋን የሚፈልገው ኃይል ከፍጥነቱ ኩብ (ፍጥነት × ፍጥነት × ፍጥነት) ጋር ነው የሚሄደው፤ ፍጥነቱን ወደ 80 በመቶ ብታወርዱት ኃይሉ በግምት ወደ 51 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ አስገጥመን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ሴንሰር ጋር አገናኘነው፤ ሰው ሲበዛ በትንፋሹ ጋዙ ይጨምራል፣ ፋኑም ይፈጥናል፣ ሰው ሲቀንስ ይቀንሳል። የውጭው አየር 420 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 420ው ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ገደማ ነው፣ እኛ ውስጡ ከ800 እንዳያልፍ አድርገን አስተካከልነው። ሶላር ፓነል ለመግዛት ከማሰባችሁ በፊት ይሄን ጨርሱ።

ሴንሰሩን መስኮት አጠገብ አትስቀሉት። የውጭውን ንጹሕ አየር እየለካ፣ ክፍሉ በሰው ታፍኖ እያለ የፋኑን ፍጥነት ይቀንሰዋል።