አላይመንት የማይረጋለት ካርማን ጊያ፦ የፊት ሻንሲ ችግርና መፍትሔ

የጎማ አየር፣ ባላንስና ቴስቲና (የመሪ ዘንግ ጫፍ መገጣጠሚያ) አይታችሁ ጨርሳችኋል ብዬ ልጀምር። አዳማ ወዳለው ጋራዣችን የሚመጡ የካርማን ጊያ (የቮልስዋገን የድሮ ባለሁለት በር መኪና) ባለቤቶች ቃላቸው ተመሳሳይ ነው፦ «በፈጣን መንገዱ ስመጣ መሪው ወደ ጎን ይስባል፤ ፍሬን ስይዝ ከፊት በኩል ይንኳኳል።» ሻንሲው (መኪናው የተሠራበት የብረት መሠረት) የመጣው ከቮልስ ቢትል ስለሆነ የምለው ባለሁለት ቧንቧ የፊት አክስል ላለው ቢትልም ይሠራል።

ምልክት፦ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል) ተሠርቶ በሳምንቱ ተመልሶ ይስባል።

ምክንያት፦ የሻንሲው ራስ (የፊት ጫፉ) የታችኛው ላሜራ በስብሷል። ሁለት ቧንቧ ያለው የፊት አክስል በ4 ቡሎን የሚታሰረው እዚህ ነው። ራሱ ከላይና ከታች ላሜራ ተገጥሞ የተሠራ ሳጥን በመሆኑ የወንጂ መንገድ ጭቃ አንዴ ከገባበት ቶሎ አይደርቅም፤ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። ከፍሬን ማስተር የሚንጠባጠበው ዘይትም ቀለሙን ልጦ ዝገቱን ያፋጥናል። ላሜራው ሲሳሳ ፍሬን በተያዘ ቁጥር አክስሉ ከቦታው ይንቀሳቀሳል። አላይመንት ሠሪው ምን ቢጠበብ መሠረቱ አይጸናለትም።

አንዲት ቀይ ጊያ ሦስት ጊዜ አላይመንት ተሠርቶላት መጣች። ሥሯ በወፍራም ሬንጅ ተሸፍኗል። ሬንጁን ስፍቅ ካቻቪቴዬ እስከ እጀታው ገባ። ከሬንጁ ሥር ስቱኮ፣ ከስቱኮው ሥር የዘይት ቆርቆሮ ቁራጭ፣ ከቆርቆሮው ሥር ባዶ! ባለቤቱ ልጆቹን አሳፍሮባት ከአዲስ አበባ ይመላለስ ነበር። መሪ የተሸከመን ብረት በስቱኮ የደፈነ ሰው በያጅ አይባልም። ስለዚህ ሬንጅ ያያችሁበትን ሁሉ ፍቁ፤ በመዶሻም አንኳኩ። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ አለው፤ የበሰበሰው ይታፈናል።

መፍትሔ፦ ባትሪውን ፍቱ፤ ሰልባትዮውን (የቤንዚን ታንከሩን) አውርዱ። ይህ ግን አይበቃም! የቤንዚን ቱቦው በሻንሲው መካከል ባለው ዋሻ ውስጥ ያልፋል። ቤንዚኑን አስወጥታችሁ ቱቦውን በአየር ንፉት። አንድ ወጣት በያጅ ይህን ሳያደርግ ሊለኩስ ሲል እጁን ይዤ አስቁሜዋለሁ፤ እስከ ዛሬ ሳስበው ይዘገንነኛል።

ካቫሌቶውን (መኪናውን አንሥቶ የሚይዘውን የብረት መቆሚያ) ከወለሉ ግራና ቀኝ አስገቡ እንጂ በአክስሉ ሥር አታድርጉ። ሳትቆርጡ ከቡሎን ቀዳዳዎቹ እስከ ኋላው የቶርሽን ቧንቧ (የኋላ ጎማዎቹን ተሸካሚ አግድም ቧንቧ) በሰያፍ ለክታችሁ ጻፉ። የግራና የቀኙ ልዩነት ከ2 ሚሊ ሜትር ካለፈ መጀመሪያ ሻንሲው ይቃና።

ከዚያ ንጹሕ ብረት እስክታገኙ ቁረጡ። በዝገት ላይ አትበይዱ። አዲሱ ላሜራ ከ2 ሚሊ ሜትር አይቅጠን፤ እንደ ድልድይ ብረት ወፍራም ከሆነም ስንጥቁ ከብየዳው አጠገብ ይጀምራል። ሁለትና ሦስት ሴንቲ ሜትር በይዳችሁ ወደ ሌላው ጎን ተሻገሩ፤ በአንድ ትንፋሽ ከተበየደ ይጣመማል። በየመሐሉ መለካት አትርሱ።

ተዘጋጅቶ የተሠራ ራስ የምትገዙ ከሆነ ሞዴሉን አጣሩ። የፊት ጎማው ሲታጠፍ የሚዞርበት መገጣጠሚያ በጊያ ላይ ከ1966 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ቦል ጆይንት (ባለ ኳስ) ነው፤ ከዚያ በፊት ኪንግ ፒን (ባለ ዘንግ) ነበር፤ የአክስል ቧንቧዎቹ ርቀትም ይለያያል። «ለሁሉም ይሆናል» ከሚል ሻጭ አትግዙ።

ሲያልቅ ውስጡን አንቲረስት (ዝገት መከላከያ) ቀቡ፤ የውሃ መውጫውን አትድፈኑ። አላይመንት የሚሠራው አሁን ነው።

አልፎ አልፎ፦ ሻንሲው ጤነኛ ሆኖ የሚስብ ከሆነ አክስሉ በጉድጓድ ታጥፎ ይሆናል፤ አይቃናም፣ ይቀየራል።