በሩ ተዘግቶም መኪናው ሲጮህ
ፒያሳ ጥግ ይዛችሁ ሰው ስትጠብቁ፣ ቁልፉ እንደተሰካ በሩ ተዘግቶም የድሮዋ ኮሮላ "ቲን ቲን" ማለቷን ካላቆመች፣ ዳሽቦርድ ለማስፈታት አትቸኩሉ። የሾፌሩን በር ክፈቱና በሩ የሚገጥምበት ምሰሶ ላይ ያለችውን፣ በሩ መዘጋቱን ለመኪናው የምትነግረውን ጎማ የለበሰች ማብሪያ በጣት ተጫኑ። ጩኸቱ ከቆመ ጎማዋ አልቆ በሩ አይደርስባትም ማለት ነው። የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ያገለገለ ጎማም አይጠፋም። ካልቆመ ብሎኗን በካቻቢቴ ፍቱና ማብሪያዋን ከሽቦዋ ለዩዋት። አሁን ጸጥ ካለ ጥፋቱ የማብሪያዋ ነው፤ አጽዷት፣ እምቢ ካለች ቀይሯት። ሽቦዋን ግን ቶሎ በፕላስተር ለጥፏት፤ ምሰሶው ውስጥ ከገባች ማውጣቱ ፍዳ ነው! ፊውዝ ንቀሉ የሚላችሁን አትስሙ፤ አብሮ ሌላ መብራት ሊጠፋ ይችላል።