የሚፈረፈር ኢነርጂ ባር፦ ችግሩና መፍትሄው

ከአጃ፣ ከለውዝና ከማር የሚሠራው ኢነርጂ ባር ቢላዋ ሲያርፍበት ይፈረፈራል። በየጊዜው የሚቀርብልኝ አቤቱታ ይህ ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር።

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ማር መጨመር ነው። ትርፉ ግን ጣት ላይ የሚጣበቅ ፍርፋሪ ብቻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ማሩ አላነሰም፤ አልበሰለም። ከማር ክብደት 17 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ያ ውሃ ካልተነነ ማሩ አጃውን ያረጥበዋል እንጂ አያያይዘውም።

ለሁለት ኩባያ የተዳመጠ አጃና ለግማሽ ኩባያ የተከተፈ ለውዝ ግማሽ ኩባያ ማርና ግማሽ ኩባያ የኦቾሎኒ ቅቤ ይበቃል። ማሩን ብቻውን በመካከለኛ እሳት ከ112 እስከ 116 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ አፍሉት። ድስቱ ጥልቅ ይሁን፤ ማር ሲፈላ አረፋው ሽቅብ ይወጣል፣ ቆዳ ላይ ካረፈም ተጣብቆ ያቃጥላል። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አንድ ጠብታ ይጣል። ውሃው ውስጥ ከተበተነ ይቀረዋል፤ በጣት ሲሰበሰብ ለስላሳ ድብልብል ከሆነ ደርሷል፤ ከጠነከረ አልፎበታል። ጥርስ የሚፈትን ባር የሚወጣው ካለፈበት ማር ነው። የኦቾሎኒውን ቅቤ ከእሳት ካወረዳችሁ በኋላ ጨምሩ፤ ዕቃው ውስጥ ዘይቱ ከቅቤው በላይ ተንሳፍፎ እያያችሁ ሳታማስሉ ከላይ ብቻ አትጭለፉ።

ሁለተኛው ጥፋት የእጅ ነው። አንዲት ጓደኛዬ አራት ጊዜ ሠርታ አራቱንም ጊዜ በማንኪያ የሚበላ ፍርፋሪ ስለወጣላት ቤቷ ሄጄ ስትሠራ ተመለከትኩ። ማሩን እኔ ከማፈላው አሳምራ አፈላች። ከዚያ ግን ድብልቁን ትሪው ላይ ገልብጣ በማንኪያ ጀርባ እንደ ሕፃን ራስ ዳሰሰችው! ወፍራም ብርጭቆ ተቀብዬ ከላዩ የመጋገሪያ ወረቀት አልብሼ በብርጭቆው መቀመጫ ጠቀጠቅሁት፤ በተለይ ጠርዝ ጠርዙን። ሁለት ጣት ይሆን የነበረው ውፍረት ወደ አንድ ጣት ተኩል ወረደ። ሁለት ሰዓት ማቀዝቀዣ ውስጥ አቆይተን ስንቆርጠው ጠርዙ እንደ ሳሙና ልሙጥ ነበር። ሁለቱን ሰዓት መጠበቅ ያቃተው ሰው ፍርፋሪውን ለእኔ አያሳየኝ። ለውዙንም ሙሉውን አትጣሉበት፤ ቢላዋው ሲያገኘው ባሩን ይሰነጥቀዋል።

ሌሎቹ ችግሮች ብዙ ወሬ አይፈልጉም። ቸኮሌቱ ከቀለጠና ሁሉን ካጠቆረ ድብልቁ ሳይበርድ ጨምራችሁታል። በማግስቱ ከረጠበ ሞቅ እንዳለ ታሽጓል ወይም ያልደረቀ ፍራፍሬ ገብቶበታል። የፕሮቲን ዱቄት ካደረቀው በጨመራችሁት ልክ አጃ ቀንሱ። የቆየ ዘይት የሚሸት ከሆነ ለውዙ አርጅቷል፤ ጣሉት፣ ማር አይሸፍነውም። ማር ያለበትን ባር አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን በፍጹም አትስጡ፤ ቦቱሊዝም የሚባለውን አደገኛ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ዘር በዚህ ሙቀት አይሞትም። ጥሬ ጥሬ የሚል ባር ደግሞ አጃው ስላልታመሰ ነው፦ በ160 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ 10 ደቂቃ፣ መሃል ላይ አንዴ እያገላበጡ።