የጣና የብርሃን ልኬትና የሳተላይት ምስል አልገጥም ሲል፦ ችግሩና መፍትሄው

ይህ ከጎንደር ጎርጎራ ወርዶ በእጅ ስፔክትሮሜትር (ብርሃንን በየቀለሙ የሚለካ መሣሪያ) የውሃ ቀለም ለክቶ ከሳተላይት ምስል ጋር ለሚያነጻጽር ሰው የተጻፈ ነው። ባትሪው መሙላቱን፣ ሌንሱ መጠረጉን፣ የጨለማ ንባብ (ብርሃን ተከልሎ የሚወሰደው) መወሰዱን አይቶ እንደጨረሰ እንቆጥራለን።

ምልክት፦ ሪፍሌክታንሱ (ውሃው ከተቀበለው ብርሃን የሚመልሰው ድርሻ) ከሰማያዊ እስከ ኢንፍራሬድ (ከቀይ ያለፈ፣ ዓይን የማያየው ብርሃን) በሙሉ ከፍ ብሏል

ደጋግሞ የሚመጣው ይኸኛው ነው። ሴንሰሩ ያየው የውሃውን ብርሃን ብቻ አይደለም፤ ውሃው ላይ ያረፈውን ሰማይና የፀሐይ ነጸብራቅም አብሮ ቆጥሯል። ከውሃው ውስጥ የሚወጣው ብርሃን ትንሽ ስለሆነ ጥቂት ነጸብራቅ ይውጠዋል።

ፀሐይን ጀርባ ስጡና ጥላችሁ ፊት ለፊት ይውደቅ። ከዚያ 45 ዲግሪ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ዞር በሉ፤ ከፀሐይ 135 ዲግሪ የሚባለው አቅጣጫ ይህ ነው። ሴንሰሩን ከቀጥታ ቁልቁል 40 ዲግሪ አንሱና ውሃውን ለኩ። ፊታችሁን ሳታዞሩ ሰማዩን ከአናት 40 ዲግሪ ዝቅ ብላችሁ ለኩ። ነፋሱ በሰከንድ ከ5 ሜትር በታች ከሆነና ሰማዩ ከጠራ የሰማዩን ንባብ በ0.028 አባዙና ከውሃው ንባብ ቀንሱ። ቁጥሩ ተመራማሪው ሞብሊ በ1999 እ.ኤ.አ. ለባሕር ያወጣው ነው፤ ለሐይቅም ይሠራል። ደመና ቁርጥራጭ ሲሆን ግን አይሠራም፤ እስኪያልፍ ጠብቁ።

አንድ ረጅም ንባብ አትውሰዱ። አጫጭር 20 ንባብ ውሰዱና ማዕበል ያብለጨለጨባቸውን ከፍተኛዎቹን ጣሉ። የጀልባው ጥላም፣ የነጭ ቀለሙ ነጸብራቅም ከሴንሰሩ እይታ ይውጣ። ከሞተሩ ኋላ ያለው አረፋ ላይ መለካት ቀኑን ማባከን ነው።

ብዙ ሰው ይህን ሁሉ ዘሎ 780 ናኖሜትር (ኢንፍራሬድ ውስጥ ያለ የብርሃን ሞገድ ርዝመት) ላይ ያለውን ዋጋ ዜሮ አድርጎ ከሁሉም ላይ ይቀንሳል። ጥርት ባለ ውቅያኖስ ያስኬዳል። ጣና ላይ ግን በፍጹም አታድርጉት! የመገጭ ወንዝ በክረምት የሚያመጣው ደለል ራሱ በኢንፍራሬድ ያበራል፤ ስትቀንሱት የምትጥሉት ደለሉን ነው። ደለሉንና የሰማዩን ነጸብራቅ መለየት ይቻላል። የደለል መስመር 750 አካባቢ ዝቅ ብሎ 810 ናኖሜትር ላይ ትንሽ ጉብታ ያሳያል፣ ውሃ ራሱ እዚያ ላይ ብርሃን የሚውጠው ስለሚቀንስ። ጉብታ የሌለው ዝርግ ከፍታ የሰማይ ነጸብራቅ ነው።

ሰዓቱም ይወስናል። ሚያዝያ 15 እና ነሐሴ 15 ገደማ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ጎርጎራ አናት ላይ ትቆማለች፤ ያኔ 135 ዲግሪ የሚባል ነገር ትርጉም ያጣል። በእነዚህ ሳምንታት ከጠዋቱ 2:30 እስከ 4:30 ለኩ። ታኅሣሥ ላይ እኩለ ቀንም አያስቸግርም።

ምልክት፦ ሰማያዊው ብቻ ተዛብቷል

ውሃው ላይ የሚወርደውን ብርሃን ለማወቅ የምትለኩትን ነጭ ሰሌዳ እዩ። የፎቶኮፒ ወረቀት ለሰሌዳነት አይሆንም፤ ማንጫው ኬሚካል አልትራቫዮሌቱን ወደ ሰማያዊ ይለውጠዋል። በርካሽ ተገኘ ተብሎ የልኬት ሰርተፍኬት የሌለው ሰሌዳም አይገዛ። እውነተኛው ስፔክትራሎን (ለዚሁ ሥራ የሚውል ነጭ ሰሌዳ) ቢሆንም በቆላድባ መንገድ አቧራ ሲጠጣ፣ በጣት ሲነካ ይጠቁራል፤ ሁሉም ውጤት ከልኩ በላይ ይሆናል፣ ሰማያዊው ደግሞ ይብሳል። ክዳኑን ለልኬት ብቻ ክፈቱ። የቆሸሸውን በንጹሕ ውሃ ሥር በ220 ቁጥር የውሃ ብርጭቆ ወረቀት በስሱ ፈግፍጉ። ጨርቅና ሳሙና አታስነኩት።

ምልክት፦ የሳተላይቱ ሰማያዊ ከዜሮ በታች ወርዷል

የአየር እርማቱ (አየሩ የበተነውን ብርሃን ከምስሉ የሚቀንሰው ስሌት) አብዝቶ ቀንሷል። ጣና ከባሕር ወለል ወደ 1,790 ሜትር ከፍ ይላል፤ የአየር ግፊቱ 1,013 ሳይሆን ወደ 820 ሄክቶፓስካል ነው። ፕሮግራሙ የባሕር ዳርቻ መስሎት ሲሠራ የሌለ አየር ይቀንሳል። አኮላይት (ይህን እርማት የሚሠራ ፕሮግራም) ላይ ግፊቱን ራሳችሁ አስገቡ። ኢንፍራሬድን ዜሮ አድርጎ የሚነሳ የውቅያኖስ እርማትም ያው ስህተት ያመጣል፤ ለድፍርስ ውሃ የተሠራውን ምረጡ።

ከምስሉ የተሰላው ክሎሮፊል (የተክል አረንጓዴ ቀለም) ዳር ዳሩን በድንገት ከጣሪያ በላይ ከሆነ እንቦጭ ነው፤ ፒክስሉን አስወጡ።

ምልክት፦ የመስኩና የምስሉ ሰዓት አይገናኝም

የምስሉ ሰዓት በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) ነው፣ ኮምፒውተሩ 3 ይጨምርበታል፣ የመስክ ደብተሩ በእኛ ሰዓት ተጽፏል። ከዩቲሲው 3 ቀንሱ፦ 07:50 ካለ የእኛ 4:50 ነው። ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። ከምስሉ አንድ ሰዓት ያለፈ ልኬትን፣ በተለይ ነፋስ በተነሳበት ቀን፣ ለማነጻጸር አትጠቀሙበት።