ላሟ አልይዝ ካለች ወበቁንም ጠርጥሩ

ላም ተደጋግማ ተዳቅላ ባዶ ስትቀር ጣት የሚቀሰረው አዳቃዩ ላይ ነው። ካልሆነም ዘሩ ላይ። አንዳንዴ እውነት ነው። ችግሩ በሙቀት ወራት ብቻ የሚመጣ ከሆነ ግን ሌላ ተጠርጣሪ አለ።

መጀመሪያ ላሞቹ በእርግጥ ሞቋቸው እንደሆነ አረጋግጡ። ከሰዓት በኋላ የተወሰኑትን በፊንጢጣ ለኩ። ጤነኛ ላም 38.5 ዲግሪ አካባቢ ናት። ብዙዎቹ ከ39 በላይ ካሉ ምክንያቱ ሙቀት ሳይሆን አይቀርም። አንዷ ብቻ ከሆነች ግን ታማ ይሆናል። ትንፋሽም ቁጠሩ፤ ጥላ ስር ቆማ በደቂቃ ከ60 በላይ የምትተነፍስ ላም ጭንቅ ላይ ናት።

የአየሩን ሙቀት ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ። ሙቀትና እርጥበትን አንድ ላይ የሚያሰላ መለኪያ አለ። 68 ሲደርስ ብዙ ወተት የምትሰጥ ላም መቸገር ትጀምራለች። 25 ዲግሪ ላይ እርጥበቱ 20 በመቶ ከሆነ መለኪያው 69 ገደማ ነው። እዚያው 25 ዲግሪ ላይ እርጥበቱ 80 በመቶ ሲሆን 75 ይገባል። ለእኛ ደስ የሚል ቀን ለእሷ ወበቅ ነው።

ኮርማ ስትፈልግ አይታይም

ሙቀት ድራቱን፣ ማለትም ላሟ ኮርማ የምትፈልግበትን ጊዜ፣ ያሳጥረዋል፣ ያደበዝዘዋልም። የሞቃት ላም ሌሎች ላይ ለመውጣት አቅሙም ፍላጎቱም የላትም። ያለችውን ትንሽ ምልክት የምታሳየውም አየሩ ቀዝቀዝ ሲል፣ ሌሊትና ንጋት ላይ ነው። እኛ ደግሞ ያኔ ተኝተናል።

ስለዚህ ማታ ከመተኛታችሁ በፊትና ጎህ ሲቀድ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ቆማችሁ ተመልከቱ። ከጭራዋ መነሻ በላይ ቀለም ቀቡ፤ ጠዋት ተፍቆ ካገኛችሁት ሌሊት ሌላ ላም ወጥታባታለች። ይህም ካልሰራ ሐኪሙ በሆርሞን መርፌ ድራቷን አስተካክሎ በቀጠሮ ማዳቀል ይቻላል።

ተዳቅላ በ21 ቀኗ ትመለሳለች

አልያዘችምና እንደገና ኮርማ ትፈልጋለች። ብዙ ሰው የሚያማርረው በዚህ ነው። ዘሩ ደህና፣ ሰዓቱ ትክክል፣ ላሟ ግን ባዶ። ፅንሱ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ገና ጥቂት ሴሎች ነው፤ ሙቀትን የሚቋቋምበት መከላከያ አላበጀም። የእናቱ ሰውነት ሲግል እዚያው ሊሞት ይችላል። 7ኛው ቀን ላይ ግን በጣም ይጠነክራል። በሙቀት ወራት የ7 ቀን ፅንስ ወደ ላሟ ማዛወር ከተራው ማዳቀል የተሻለ ውጤት የሚሰጠውም ለዚህ ነው።

መፍትሄው ማቀዝቀዝ ነው፤ የማዳቀያው ቀን ብቻ ሳይሆን ከዚያ በፊትም በኋላም። ጥላ ግዴታ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ቆዳዋ እስኪርስ ውሃ አርከፍክፉባት፣ ከዚያ ውሃውን አቁማችሁ በማራገቢያ አድርቁት፣ ደግማችሁ አርከፍክፉ። እዚህ ላይ አንድ ስህተት አያለሁ፤ እርጥበት በሞላበት አየር ውስጥ ጭጋግ የሚረጭ መሣሪያ መግጠም። አየሩ ጠግቧል፣ ጭጋጉ አይተንም፣ በረቱ የእንፋሎት ቤት ይሆናል። ነፋስ በሌለበት ውሃ ብቻ ማፍሰስም ያው ነው።

መኖውን ወደ ንጋትና ወደ ማታ አዙሩት። የሞቃት ላም መብላት ትቀንሳለች፣ የተራበች ላም ደግሞ ለመያዝ ትቸገራለች። ውሃ ከፊቷ አይጥፋ፤ በሙቀት ቀን የምትታለብ ላም ከ100 ሊትር በላይ ልትጠጣ ትችላለች።

ሙቀቱ አልፏል፣ አሁንም አትይዝም

ዛሬ የወጣው እንቁላል ማደግ የጀመረው ከሳምንታት በፊት፣ በሙቀቱ ወቅት ነው። የተጎዳው እንቁላል ተራው እስኪያልፍ ሁለት ሦስት የድራት ዙር ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ላሟን ለመሸጥ አትቸኩሉ። በኮርማ የምታስጠቁ ከሆነ እሱንም አስመርምሩ፤ የኮርማ ዘር ተመርቶ እስኪያልቅ ሁለት ወር ገደማ ይወስዳል፣ የሙቀቱ ጉዳትም ዘግይቶ ይታያል።

ጥጃው ትንሽ ሆኖ ተወለደ

የነጠፈች ላም ወተት ስለማትሰጥ ጥላና ማራገቢያ አያስፈልጋትም ይባላል። ያስፈልጋታል። በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ሳምንታት ሙቀት ያገኛት ላም ቀድማ ትወልዳለች፣ ጥጃዋ ይቀላል፣ ቀጣዩ ወተቷም ያንሳል።

በቀዝቃዛው ወርም የምትመለስ ከሆነ፣ ወይም ፈሳሿ መግል የቀላቀለ ከሆነ ግን ወበቁን ተዉት። ማህፀኗ ታሞ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይያት።