ቪዲዮው አልከፈት ሲል፦ ጥፋቱ የፋይሉ ነው፣ የኔትወርኩ ወይስ የስልኩ?

ስልክ ላይ ቪዲዮ አልጫወት ሲል ከጎረቤትም ከጥገና ቤትም ፈጥኖ የሚመጣው ምክር «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ለመካሪው ቀላል ነው፤ ባለስልኩን ግን ፎቶውን፣ መልእክቱንና ያስቀመጠውን ሁሉ ሊያሳጣው ይችላል። ከዚያም ስልኩ ባዶውን ተመልሶ ሲከፈት ያው ቪዲዮ እንደገና እምቢ ይላል፤ ጥፋቱ መጀመሪያውኑ ስልኩ ውስጥ አልነበረማ።

ስለዚህ ምንም ከመንካትዎ በፊት ሁለት ሙከራ ያድርጉ። ያስቸገረዎትን ቪዲዮ ሌላ ስልክ ላይ ይክፈቱት፤ ቀጥሎ በራስዎ ስልክ ካሜራ አጭር ቪዲዮ ቀርጸው ያጫውቱ። የቀረጹት በትክክል ከተጫወተ ስልክዎ ጤነኛ ነው። ያስቸገረው ቪዲዮ ሌላም ስልክ ላይ እምቢ ካለ ፋይሉ ራሱ ተበላሽቶ ይሆናል። ቪዲዮው እዚያ ማዶ ይሠራል፣ የእርስዎም ካሜራ የቀረጸው ይሠራል፣ ሁለቱ ሲገናኙ ግን አይሆንም ከሆነ ደግሞ ፋይሉና ስልኩ አልተግባቡም ማለት ነው። በብዛት የሚያጋጥመውም ይኸው ሦስተኛው ነው።

ድምፅ አለ ምስል የለም፣ ወይም ምስል አለ ድምፅ የለም

በፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ ያለው «ኤምፒ4» ወይም «ኤምኬቪ» ፖስታው ነው፤ ውስጡ ያለው ደብዳቤ በምን ቋንቋ እንደተጻፈ አይነግረንም። ቋንቋው ኮዴክ ይባላል፤ ምስሉ የራሱ አለው፣ ድምፁም የራሱ። ስልኩ አንዱን አውቆ ሌላውን ካላወቀ ግማሹ ብቻ ይጫወታል። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣውን ኤች.264 የማያነብ ስማርት ስልክ ዛሬ የለም ማለት ይቻላል። በ2013 የመጣው ኤች.265፣ በሌላ ስሙ ኤችኢቪሲ፣ ተመሳሳይ ጥራት ያለውን ምስል በግማሽ ያህል መጠን ይይዛል፤ ያረጀ ወይም ርካሽ ስልክ ግን ይቸገርበታል። በ2018 የወጣው ኤቪ1 ለብዙ ስልኮች ገና እንግዳ ነው፤ በአይፎኖች ዘንድ በቺፑ ደረጃ መነበብ የጀመረው በ15 ፕሮ ነው።

በእኛ ዘንድ ይህ ችግር ጎልቶ የሚታየው ከውጭ አገር በሚላክ ቪዲዮ ነው። ልጅ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ የሕፃኑን ክርስትና በአይፎን ይቀርጽና ጥራቱ እንዳይቀንስ ብሎ በቴሌግራም «እንደ ፋይል» ይልከዋል። እናት ደብረ ብርሃን ሆነው በቆየ አንድሮይድ ሲከፍቱት የቄሱ ድምፅ ይሰማል፣ እልልታው ይሰማል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ከ2017 ወዲህ፣ ማለትም ከአይኦኤስ 11 ጀምሮ፣ አዳዲሶቹ አይፎኖች ሌላ ካልታዘዙ በቀር የሚቀርጹት በኤችኢቪሲ ነው። መፍትሔው በላኪው እጅ ነው፦ ያንኑ ቪዲዮ እንደ ፋይል ሳይሆን እንደ ተራ ቪዲዮ ቢልከው መተግበሪያው ራሱ ብዙ ስልክ ወደሚያነበው ዓይነት ይለውጠዋል። ጥራቱ ትንሽ ይቀንሳል፤ ቢሆንም እናት የልጅ ልጃቸውን ፊት ያያሉ። ለወደፊቱ ደግሞ የአይፎኑን ሴቲንግ ከፍቶ፣ ካሜራ ውስጥ ፎርማት ወደሚለው ገብቶ፣ ከሁለቱ አማራጮች ከሁሉም መሣሪያ ጋር የሚስማማውን መምረጥ ነው። ቪዲዮው ተከፍቶ ቀለሙ የነጣና የደበዘዘ ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ኤችዲአር የሚባለው የቀረጻ ዓይነት ተራ ስክሪን ላይ እንደዚያ ሊታይ ይችላል። እሱም እዚያው ካሜራው ሴቲንግ ውስጥ ይጠፋል።

ላኪውን ማስቸገር ካልፈለጉ ቪኤልሲ (VLC) የሚባለውን የቪዲዮ ማጫወቻ ስልክዎ ላይ ይጫኑ። ነጻ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ የራሱን ኮዴኮች ይዞ ስለሚመጣ ስልኩ የማያውቀውን ያነባል። በእኔ እምነት ይህን መተግበሪያ ሳይሞክሩ ስልክ ወደ ጥገና ቤት መውሰድ ገንዘብ መጣል ነው። ስልኩ በቺፑ ማንበብ የማይችለውን ቪዲዮ ግን ቪኤልሲ የሚያነበው በዋናው ፕሮሰሰር ጉልበት ስለሆነ ባትሪ ይበላል፤ አቅመ ደካማ ስልክ ላይም 4ኬ የሚባለው እጅግ ጥርት ያለ ቪዲዮ ሊንቀጠቀጥ ይችላል።

ምስሉ አረንጓዴ ወይም ሮዝ ሆኖ ከመጣ፣ ወይም እየተቆራረሰ አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ከሆነ፣ ቺፑ ቪዲዮውን አውቃለሁ ብሎ ጀምሮ አልሆንለት ብሎታል። ቪኤልሲ ውስጥ የሃርድዌር ማፋጠኛ የሚለውን ያጥፉ። ኤምኤክስ ፕሌየር የሚባለውን ሌላ ማጫወቻ የሚጠቀሙ ከሆነ ቪዲዮው ላይ ከላይ በኩል የሚታየውን ምልክት ከኤችደብልዩ (HW፣ በቺፑ ማንበብ) ወደ ኤስደብልዩ (SW፣ በሶፍትዌር ማንበብ) ይለውጡት።

ምስሉ ጥርት ብሎ ድምፅ የሌለው የውጭ ፊልም ከሆነ የድምፁ ኮዴክ ኤሲ3 ወይም ዲቲኤስ ሊሆን ይችላል። እነዚህ የሲኒማና የዲቪዲ የድምፅ ዓይነቶች ናቸው፤ ኤምኤክስ ፕሌየር በፈቃድ ጉዳይ ከውስጡ ስላወጣቸው «ይህ የድምፅ ዓይነት አይደገፍም» የሚል መልእክት ሊያሳይ ይችላል። ቪኤልሲ ግን ያነባቸዋል።

ድምፅ የጠፋው ከአንድ ቪዲዮ ሳይሆን ከሁሉም ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። አንድሮይድ ላይ የጥሪ ድምፅና የቪዲዮ ድምፅ የተለያዩ ናቸው፤ ጥሪው ጮሆ የቪዲዮው ዜሮ ሊሆን ይችላል። ቪዲዮ እየተጫወተ ሳለ የድምፅ መጨመሪያውን ይጫኑ። ብሉቱዙንም ይመልከቱ፤ ቦርሳ ውስጥ የተረሳ ገመድ አልባ ማዳመጫ ድምፁን ሁሉ ለራሱ ወስዶት ይሆናል። አይፎን ላይ በጎኑ ያለው የድምፅ ማጥፊያ አንዳንድ መተግበሪያዎችን ጸጥ ያሰኛል። ብሉቱዝ ሲጠቀሙ ብቻ ከንፈሩና ድምፁ ካልገጠመ ደግሞ የገመድ አልባው መዘግየት ነው፤ ቪኤልሲ ውስጥ የድምፁን መዘግየት ማስተካከል ይቻላል፣ ባለ ገመድ ማዳመጫ ግን ጣጣ የለውም።

ክቧ ትሽከረከራለች፣ ቪዲዮው አይሄድም

እዚህ ላይ ጥያቄው ፍጥነት ነው። ዩቲዩብ ራሱ እንደሚለው በ360ፒ (ቁጥሩ የምስሉ ጥራት ነው፤ ሲበልጥ ጥራቱ ይጨምራል) ለማየት በሰከንድ 0.7 ሜጋቢት፣ በ480ፒ 1.1፣ በ720ፒ 2.5፣ በ1080ፒ 5 ሜጋቢት ያህል ያስፈልጋል። ሂሳቡን ወደ ጥቅልዎ ሲመልሱት በ720ፒ አንድ ሰዓት ማየት ከ1 ጊጋባይት በላይ ይወስዳል፤ በ480ፒ ግን ግማሽ ጊጋባይት ያህል። በስልክ ስክሪን ላይ የሁለቱ ልዩነት ጎልቶ አይታይም። ስለዚህ ክቧ መሽከርከር ስትጀምር ከሁሉ በፊት ቪዲዮው ላይ ያለውን የማርሽ ምልክት ነክተው ጥራቱን ወደ 480 ወይም 360 ያውርዱ። «ራሱ ይምረጥ» የሚለውን ብዙ አልወደውም፤ ኔትወርኩ ለአፍታ ሲሻሻል ጥራቱን ከፍ ያደርግና ወዲያው ተመልሶ ይቆማል።

የኔትወርክ ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ቪዲዮ አለመሄዱ ብዙ ሰው ያናድዳል። ምልክቱ የሚያሳየው ስልኩ ከአንቴናው ጋር ምን ያህል በጥሩ ሁኔታ እንደተገናኘ እንጂ በዚያው አንቴና ስንት ሰው እንደተሰለፈ አይደለም። ያንኑ ቪዲዮ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይና ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ይክፈቱት፤ ንጋት ላይ ያለችግር ከሄደ የእርስዎ ስልክ ምንም አልሆነም፣ ምሽት ላይ ሰፈሩ ሁሉ እያየ ነው። ንጋት ላይ አውርዶ ምሽት ላይ ማየት ከማንኛውም ብልሃት የተሻለ ነው።

በ2015 ዓ.ም. አንዳንድ ማኅበራዊ መገናኛዎች ተገድበው በነበረበት ጊዜ ቪፒኤን የጫኑ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እስካሁን ያላጠፉትም አሉ። ቪፒኤን መንገዱን በሌላ አገር አዙሮ ስለሚያመጣው ቪዲዮውን ያዘገየዋል። ከላይ የቁልፍ ምልክት ካዩ አጥፍተው ይሞክሩ።

የስልኩ ቪዲዮ ይሠራል፣ ከኢንተርኔት የሚመጣው በሙሉ እምቢ ይላል

ዳታ አለ፣ ጥቅል አለ፣ ዩቲዩብ ግን ግንኙነት የለም ይላል፤ ድረ ገጾችም ስለ ደህንነት ያስጠነቅቃሉ። ቀኑን ይመልከቱ። አንዳንድ ሰው ስልኩን በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ይሞላዋል፤ ዓመቱ 7 ወይም 8 ወደኋላ ይሄዳል ማለት ነው። እያንዳንዱ ድረ ገጽ የሚያሳየው የደህንነት ሰርተፍኬት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ስልኩ ዓመታት ወደኋላ ሲቀር ሰርተፍኬቱ «ገና አልጀመረም» ይልና በሩን ይዘጋል። ባትሪው ፈጽሞ አልቆ የቆየ ስልክም ሲነሳ ወደ አሮጌ ቀን ሊመለስ ይችላል።

ሰዓቱንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ 6 ሰዓት አዛንፈው የሚሞሉ አሉ፤ አንዳንድ መተግበሪያዎች ይህንንም አይቀበሉም። ቅንብሮች ውስጥ ቀንና ሰዓትን ከፍተው ራሱ እንዲሞላ ያድርጉ፣ የሰዓት ሰቁ የአዲስ አበባ መሆኑን ያረጋግጡ። የኢትዮጵያን ቀንና ሰዓት በስክሪኑ ላይ የሚያሳዩ መተግበሪያዎች ስላሉ ስልኩን ራሱን ማሳሳት አያስፈልግም።

ፋይሉ አለ፣ መጠኑም ሙሉ ነው፣ ግን አይከፈትም

ኤምፒ4 ፋይል ውስጥ የትኛው ምስል የት ቦታ እንዳለ የሚናገር ማውጫ አለ። ስልክ ሲቀርጽ ይህን ማውጫ ብዙ ጊዜ የሚጽፈው መጨረሻ ላይ፣ የማቆሚያውን ቁልፍ ሲጫኑ ነው። ሠርግ እየቀረጹ ባትሪ ካለቀ ምስሉ ሁሉ ተጽፎ ማውጫው ብቻ ይቀራል፤ 2 ጊጋባይት የሚመዝን የማይከፈት ፋይል ይኖርዎታል። አያጥፉት! በዚያው ስልክ፣ በዚያው የጥራት ምርጫ ሌላ አጭር ቪዲዮ ይቅረጹ። አንትራንክ የሚባለው ነጻ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጤነኛውን እንደ ናሙና ወስዶ የጎደለውን ማውጫ እንደገና ለመሥራት ይሞክራል። ሁልጊዜ ይሳካል አልልም፤ ግን ብዙ ሠርግ ያተረፈ ዘዴ ነው። እስከዚያ ድረስ ሚሞሪው ላይ ሌላ ነገር አይጻፉ።

ከኢንተርኔት ወርዶ የማይከፈት ከሆነ ግን መጠገን ድካም ነው፤ መጠኑን ከዋናው ጋር ያስተያዩና ካነሰ እንደገና ያውርዱት።

ብዙ ስልክ ያለ ጥፋቱ የሚወቀሰው በውሸት ሚሞሪ ካርድ ነው። ላዩ ላይ 256 ጊጋባይት ይላል፣ ስልኩም 256 ብሎ ያነበዋል፤ ውስጡ ያለው ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። የፋይሎቹ ስም ዝርዝር የሚቀመጠው መጀመሪያው አካባቢ ስለሆነ ስሙም መጠኑም ተሟልቶ ይታያል፤ ይዘቱ ግን የትም አልተጻፈም፣ ወይም በቀድሞው ላይ ተደርቦ ተጽፏል። ምልክቱ ይህ ነው፦ መጀመሪያ የተጫኑት ፊልሞች ይሠራሉ፣ ከተወሰነ መጠን በኋላ የተጫኑት አንዱም አይከፈትም። ካርዱን ሲገዙ በኮምፒውተር እስኪሞላ ድረስ ቪዲዮ ይጫኑበት፣ አውጥተው መልሰው ይክተቱና መጨረሻ የገቡትን ይክፈቱ። ኤች2ቴስትደብልዩ የሚባል ነጻ ፕሮግራምም ይህንኑ ሥራ በትክክል ይሠራል። የተጭበረበረ ካርድ አይጠገንም፤ ደረሰኝ ካለዎት ይመልሱት።

አንድ ትልቅ ፊልም ብቻ ወደ ሚሞሪው አልገለበጥ ካለ ካርዱ ፋት32 በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ይሆናል፤ በዚያ ላይ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት አይበልጥም። በውስጡ ያለውን ሌላ ቦታ አስቀምጠው ካርዱን ወደ ኤክስፋት ይለውጡት።

ይሄዳል፣ ግን ይንቀጠቀጣል

ሲጀምር ደህና ሆኖ ከቆይታ በኋላ መንተባተብ ከጀመረ ስልኩ ግሏል፤ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ቻርጅ ላይ ሰክተው፣ ወፍራም ሽፋን አልብሰው፣ ፀሐይ ላይ እያዩ ከሆነ መልሱ እዚያው ነው። ከመጀመሪያው ከተንቀጠቀጠ ኃይል ቆጣቢው በርቶ እንደሆነና ማከማቻው ጢም ብሎ እንደሆነ ይመልከቱ። ማከማቻውን የሚሞላው ብዙ ጊዜ ቴሌግራም ነው፤ ከቻናል ያዩት ቪዲዮ ሁሉ ስልኩ ላይ ይቀራል። በራሱ በቴሌግራም ውስጥ ስለ ማከማቻ አጠቃቀም የሚያሳየው ገጽ ላይ ገብተው መሸጎጫውን (ካሽ የሚባለውን ጊዜያዊ ክምችት) ያጽዱ። በስልኩ ቅንብር በኩል «ውሂብ አጽዳ» የሚለውን ግን አይንኩ፤ ከመለያዎ ያስወጣዎታል።

ወደ ጥገና ቤት የሚያስኬደው

ስክሪኑ ላይ መስመር ወይም ጥቁር ነጥብ ካለና ቪዲዮ ሳይከፍቱም የሚታይ ከሆነ የስክሪኑን ፎቶ በስልኩ በራሱ (ስክሪንሾት) አንስተው ለሌላ ስልክ ይላኩት። መስመሩ እዚያም ከታየ ችግሩ የሶፍትዌር ነው። እዚያ ንጹህ ከሆነ ስክሪኑ ነው፤ ባለሙያው ፎርማት ልሞክር ቢልዎ እሺ አይበሉ፣ የስክሪኑን ዋጋ ይጠይቁ። ድምፅ ማጉያውም እንደዚሁ፦ በማዳመጫ ጥርት ብሎ እየተሰማ በስልኩ ድምፅ ማጉያ ግን ጥሪውም ሙዚቃውም ከሻከረ፣ ቀዳዳዎቹን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉ፤ ካልተሻለው ይለወጥ።